ሽቦው ጌጥ አይደለም

ባለፈው ወር አንድ የሞዴል ባቡር ኤግዚቢሽን ሄጄ ነበር። ሰው ሁሉ ከቦ የሚያየው አንድ ሥራ ነበር፦ ስድስት ሜትር የሚሆን ጠረጴዛ ላይ የተሠራች የ1930ዎቹ የአሜሪካ ትንሽ ከተማ፣ በዋናው ጎዳናዋ መሀል ሐዲድ፣ በሐዲዱ ላይ ሦስት ፉርጎ የሚጎትት የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።) ጡቡ አንድ በአንድ ተቀብቷል። የወፍጮ ቤቱ መስኮት ዱቄት ጠግቧል። በረንዳው ላይ የተኛው ውሻ አሁን ሊነሳ ነው ትላላችሁ። ምሰሶው በረድፍ ቆሟል፣ ሽቦው ተወጥሯል።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ከሎኮሞቲቩ ጣሪያ ተነስቶ ሽቦውን መንካት የነበረበት ዘንግ ሽቦው ጋ አልደረሰም። ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ በክር ታስሯል። ባለቤቱ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠየቅኳቸው። "ሽቦው ለመልክ ነው፤ ከረንቱ የሚመጣው ከሐዲዱ ነው" አሉኝ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ "በእውነተኝነት አንደኛ" የሚል ሪባን ተለጥፏል።

ጠቤ ከሽማግሌው ጋር አይደለም። ከሪባኑ ጋር ነው።

"ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ባቡር ይጣላል እንዴ?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቤቴም ውስጥ አለ። ነገር ግን ዋናው ነገር ከጠፋ በኋላ ሞዴሉ አሻንጉሊት መሆኑ ቀርቶ ምስክር ይሆናል። እነዚህን መስመሮች በሥራ ላይ ያዩ ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል። ዛሬ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያንን ሎኮሞቲቭ የሚያውቀው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ባየው መልክ ነው። ከዚያም ብሶ፣ አዲስ ሠሪ ፎቶግራፍ አገላብጦ ከመሥራት ይልቅ ሽልማት ያገኘውን ሞዴል ይቀዳል። ክሩንም አብሮ ይቀዳል።

ስለ ምን እንደምናወራ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ፍራንክ ስፕራግ የሚባል መሐንዲስ በ1888 ቨርጂኒያ ውስጥ ሪችመንድ ከተማ ላይ የኤሌክትሪክ የከተማ ባቡርን በትልቁ አሠርቶ አሳየ። ከላይ አንድ ሽቦ፣ ከጣሪያው ላይ በስፕሪንግ ወደ ላይ የሚገፋ ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ሽቦውን ከሥር እየነካ የሚሽከረከር ትንሽ መንኮራኩር። ትሮሊ ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት መስመሩ ከከተማ ወደ ከተማ ተዘረጋ፤ በ1916 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ከ15,000 ማይል በላይ ደርሶ ነበር። መጀመሪያ የጫነው ሰው ነው። ቀጥሎ ጥቅልና የወተት ገንቦ። ቀጥሎ ከትልልቆቹ የባቡር ኩባንያዎች እየተረከበ ሙሉ ፉርጎ፦ ከሰል፣ እህል፣ ጥጥ፣ ሲሚንቶ።

ተሳፋሪው አውቶሞቢል ገዝቶ ሲሄድ ብዙዎቹ መስመሮች ሞቱ። ጭነት የነበራቸው ግን ቆዩ። በካሮላይናዎቹ የነበረው ፒድሞንት ኤንድ ኖርዘርን በ1,500 ቮልት ይሠራ ነበር፤ ኑሮው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች ስለነበሩ በየማይሉ አንድ ፋብሪካ አለን እያለ ይኩራራ ነበር። ኢሊኖይ ተርሚናል ደግሞ ለጭነቱ ብሎ ከተሞቹን በውጭ የሚዞር መስመር ሠራ፤ ምክንያቱም በከተማ ጎዳና ላይ ያለው ኩርባ ለመደበኛ ፉርጎ የሚታለፍ አልነበረም። አይዋ ውስጥ ሜሰን ሲቲ ላይ በ600 ቮልት፣ ከመቶ ዓመት በፊት ባልድዊንና ዌስቲንግሃውስ በሠሯቸው ሎኮሞቲቮች፣ በዚሁ በእኛ ክፍለ ዘመንም ፉርጎ ሲጎተት ነበር። ሎኮሞቲቩ መሀሉ ላይ እንደ ዳስ ያለ ክፍል፣ ከፊትና ከኋላ ተዳፋት አፍንጫ ያለው ነው። አንዴ ያየው አይረሳውም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያኖረው ምንድን ነው? ሽቦው። እዚያች ከተማ ውስጥ ያለ አንድም ነገር ያለ ሽቦው ትርጉም የለውም።

ከረንቱ ከማከፋፈያ ጣቢያው ይነሳል። በሽቦው ይመጣል፣ በዘንጉ ወርዶ ሞተሩን ያዞራል፣ ከዚያ በመንኮራኩሩ በኩል ወደ ሐዲዱ ገብቶ ወደ ጣቢያው ይመለሳል። ሐዲዱ መንገድ ብቻ አይደለም፤ የመመለሻ ሽቦ ነው። ስለዚህ በሐዲድና በሐዲድ መጋጠሚያ ላይ ሁሉ የመዳብ ማገናኛ ይበየድ ነበር። ማገናኛው ሲበጠስ ከረንቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ያገኘው የከተማውን የውሃ ቧንቧ ነበር፣ ቧንቧውም በልቶ ይበሳ ነበር። ባቡሩ ከማከፋፈያ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል፤ ከባድ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ሎኮሞቲቭ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ነጂው ይህን ያውቃል፣ ፉርጎውን የሚቆጥረውም በዚሁ ልክ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ባለ ክሩ ሞዴል ከሁለቱ ሐዲዶች አንዱን አዎንታዊ ሌላውን አሉታዊ አድርጎ ከታች ይመገባል። ሽቦው ባዶ ነው። ሽቦው ባዶ ሲሆን የሚመጣው ጉዳት ሐሳባዊ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስህተት የሚያጋልጥ ነገር አይኖርም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ የገባኝ በሁለት ዓመት ልፋት ስለሆነ ዘለግ ባደርገው ታገሡኝ። ሐዲዱ ለሁለት በሚገነጠልበት ቦታ ሽቦውም ይገነጠላል፤ መገንጠያዋን ቁራጭ ብረት የሙያው ሰዎች እንቁራሪት ይሏታል። የት ላይ ትሰቀላለች? ማንም ሰው የሚመልሰው "ከሐዲዱ መገንጠያ ልክ አናት ላይ" ብሎ ነው። ስህተት ነው። ዘንጉ ከኋላ ነው የሚጎተተው። የዘንጉ ጫፍ ወደ አዲሱ አቅጣጫ የሚጎተተው ሎኮሞቲቩ ራሱ መታጠፍ ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ እንቁራሪቷ ከሐዲዱ ምላስ አልፋ፣ ወደ ቅርንጫፉ ገባ ብላ መሰቀል አለባት። አናቱ ላይ ከሰቀላችኋት መንኮራኩሩ ቀጥታውን ሽቦ ይዞ ይሄዳል፣ ሎኮሞቲቩ ይታጠፋል፣ ዘንጉ ከሽቦው ይወጣል፣ ባቡሩም ይቆማል። ኩርባ ላይም እንዲሁ ነው፦ ሽቦው የሐዲዱን መሀል አይከተልም፣ በአጫጭር ቀጥታ ቁራጮች እየተሳበ ወደ ኩርባው ውስጠኛ ጎን ይጠጋል።

በዚያ ኤግዚቢሽን ላይ ያየሁት ሞዴል አራት እንቁራሪት ነበረው። አራቱም አናት ላይ። ኩርባው ላይ ያለው ሽቦ እንደ ቀስተ ደመና ተጠማዝዟል፤ የተወጠረ ሽቦ እንዲህ አይጠማዘዝም። ሽማግሌው ሃያ ዓመት ሲያነዱት አላወቁም፣ ዳኞቹም አላወቁም፣ ምክንያቱም በዚያ ሽቦ ሥር አንድም መንኮራኩር አልፎ አያውቅም። የሚሠራ ሽቦ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ዘንጉ ራሱ ይነግራቸው ነበር።

የሚነሱትን ምክንያቶች በልቤ ይዣለሁ። "ሐዲድ ሳጸዳ እጄ ሽቦውን ይበጥሳል" ይባላል። ልክ ነው፣ ይበጥሳል፤ የእኔንም ስንቴ በጥሶታል። የእውነተኛውም መስመር ሠራተኞች መሰላል ያለው መኪና ይዘው የሚዞሩት ለዚሁ ነበር። "ዘመናዊው ዲጂታል መቆጣጠሪያና ድምፅ ከሽቦ ጋር አይሄድም" ይባላል። ይህ ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው፤ ያው ሲግናል በሽቦው ላክታችሁ በሐዲዱ መመለስ ይቻላል። እንዲያውም ሽቦው ሲሠራ ሁለቱም ሐዲዶች አንድ ላይ ተገናኝተው መመለሻ ይሆናሉ። ያኔ ባለ ሁለት ሐዲድ ሞዴል ሠሪን ሁሉ የሚያስለቅሰው ችግር፣ መስመሩ ዞሮ በራሱ ላይ ሲገጥም አዎንታዊና አሉታዊው ተገናኝቶ መቃጠሉ፣ ከነአካቴው ይጠፋል። የትሮሊ መስመር ደግሞ መዞሪያ የሞላበት ነው። ማለት ሰዎቹ ራሳቸውን ከዚህ ችግር የሚያወጣውን ሽቦ ሰቅለውት ሲያበቁ ባዶ ትተውት፣ ችግሩን ለመፍታት ሌላ ዕቃ ይገዛሉ!

"ሽቦው በልኩ አይሠራም፣ ይወፍራል" የሚለው ግን እውነት አለው። በ1 ለ87 ልኬት የእውነተኛው 12 ሚሊ ሜትር ሽቦ 0.14 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ክር ነው፣ የዘንጉን ግፊት አይችልም። ስለዚህ ከልኩ ሦስት እጥፍ የሚወፍር የፎስፈር ብሮንዝ ሽቦ እንጠቀማለን። ከእውነቱ ርቀናል፣ አዎ። ኩርባም ላይ እንዋሻለን፦ የ12 ሜትር ሬዲየስ የጎዳና ኩርባ በዚሁ ልኬት 14 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የአንድ ፉርጎ ርዝመት ማለት ነው፤ ከሱቅ የምንገዛው ፉርጎ እዚያ ላይ ስለማይዞር እናሰፋዋለን። ነገር ግን ሥራው እንዲሠራ ሲባል ትንሽ ማወፈርና ሥራውን ትቶ መልኩን ማስቀመጥ አንድ አይደሉም። እጅግ ትንሽ በሆነው በ1 ለ160 የሚሠራ ሰው ሽቦውን ቢተወው አልፈርድበትም። ሪባኑን ግን አይጠይቅ።

ዝገትንም በተመለከተ አንድ ነገር። ዛሬ "እውነተኛ" ማለት የዛገ ማለት ሆኗል። ፉርጎው ዝገት፣ ጣሪያው ዝገት፣ ሐዲዱ ዝገት። በ1930ዎቹ እነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ ነበሩ! በቀን ብዙ ጊዜ የሚነዳበት ሐዲድ አናቱ እንደ መስታወት ያበራል፤ ካላበራ ከረንት አይመልስም። እኛ ግን የሞተበትን ዓመት ቀለም ቀብተን የሠራበት ዘመን ነው እንላለን።

ሽቦ አሠርተው ባቡሩን በክብ የሚያስሮጡትም አይቅርላቸው። የጭነት መስመር ዙረት አያውቅም። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ አምስት ፉርጎ፣ ስድስት ደንበኛ፦ የወፍጮ ቤቱን ባዶ አውጣ፣ የከሰሉን አስገባ፣ የእንጨት መደብሩ ፉርጎ በመሀል ከቆመ መጀመሪያ እሱን አንሳ። ወደኋላ በሄድክ ቁጥር ዘንጉ መዞር አለበት። በእውነተኛው መስመር ሠራተኛው ወርዶ ገመዱን ይስባል፣ ዘንጉን ያወርዳል፣ ሎኮሞቲቩን ዞሮ በሌላው ወገን ሽቦው ላይ ያስቀምጣል፤ በዝናብ፣ በሌሊት፣ በበረዶ። ዘንጉን ሳያዞር ወደኋላ የገፋ ነጂ ዘንጉ አምልጦ የሽቦውን ማንጠልጠያ ሲሰብር ያያል። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ይህን የምሠራው ጫፏ በታጠፈች የጥርስ ሐኪም መርፌ ነው። አንድ ሰዓት ሥራ ውስጥ አርባ ጊዜ ያህል። ያሰለቻል። የሠራተኛው ቀን ምን ይመስል እንደነበር የነገረኝ ግን እሱ አሰልቺ ነገር ነው፤ ከየትኛውም ፎቶግራፍ ይልቅ።

የአገሬ ልጆችም በዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደሉም። ከ2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በ750 ቮልት ሽቦ ሥር የሚሄድ ባቡር አለ፣ ከጅቡቲ ኮንቴይነር የሚጎትተውም በ25,000 ቮልት ሽቦ ሥር ነው። የጭነት ባቡርን በኤሌክትሪክ መጎተት ትናንት የመጣ ነገር የሚመስለው ወጣት ብዙ ነው። አንድ ቀን ከመካከላችሁ አንዱ የአዳማን ጣቢያ በጠረጴዛ ላይ እንደሚሠራ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ያ ሰው ከጣሪያው የሚነሳውን መቀበያ በክር አስሮ እንዳያሳየኝ ግን ከወዲሁ እለምናለሁ።

ያን ቀን ለሽማግሌው ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። የነገርኳቸው የእንቁራሪቷን ነገር ብቻ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ፣ ሎኮሞቲቩን በእጃቸው ቀስ ብለው መገንጠያው ላይ ገፉት፣ የዘንጉን ጫፍ በዓይናቸው ተከተሉት። ደገሙት። ከዚያ ከኪሳቸው ትንሽ መቀስ አውጥተው ክሩን ቆረጡት። ዘንጉ ብድግ ብሎ ሽቦውን ነካ፣ ሽቦው በግፊቱ ተነስቶ አንዱ ማንጠልጠያ ተላቀቀ፣ ተመልካቹ ሳቀ።

ትናንት መልእክት ልከውልኛል። ስለ ፎስፈር ብሮንዙ ውፍረት ነው የጠየቁኝ።