ሦስተኛ እጅ ያልተሰጠው ሠራተኛ

የስልክና የኢንተርኔት ኬብል ዘርጊ ከመሰላል ሲወድቅ የአደጋው ሪፖርት መንስኤውን በሦስት ቃል ይጨርሰዋል፦ «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት»። ሐረጉ ወጪ የለውም፤ ገመድም ቀበቶም አያስገዛም።

መሰላል የሚከዳው ከእግሩ ነው። 4 ሜትር ላይ የሚደገፍ መሰላል እግሩ ከምሰሶው 1 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። በአንድ ወገን ቦይ፣ በሌላው የቆርቆሮ አጥር ባለበት የአዲስ አበባ ጠባብ መንደር ይህ 1 ሜትር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ኮብልስቶኑ ተዳፋት ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ይታከልበታል። መሰላሉ በሁለት ምሰሶ መካከል በተወጠረ ኬብል ላይ ሲደገፍ ደግሞ የሰውየው ክብደት ኬብሉን ያረግበዋል፤ አናቱም ወደ ጎን ይሸሻል። ሥሩ የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ምሰሶን አቁሞት የኖረው ከሁለት ወገን የሚስበው ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌው መስመር ሲቆረጥ ከነሰውየው ያዘነብላል።

ዋናው ነገር ግን እጅ ነው። በየሥልጠናው የሚነገረው ደንብ መሰላል ላይ ያለ ሰው ከሁለት እጁና ከሁለት እግሩ ሦስቱ ምንጊዜም መሰላሉን እንዲይዙ ያዛል። ለመውጣትና ለመውረድ ይበጃል። ላይ ከተደረሰ በኋላ ኬብሉን በአንድ እጅ ስቦ በሌላው ማሰሪያውን ማጥበቅ ግድ ነው፤ ሦስት እጅ ያለው ሠራተኛ ደግሞ እስካሁን አልተቀጠረም። በዚያ ሰዓት ሰውየውን የሚይዘው ከምሰሶው ጋር የታሰረ ቀበቶ ነው፤ መሰላሉን የሚይዙት አናቱ ላይ የታሰረው ገመድና ታች የቆመው ረዳት ናቸው። እነዚህ በሌሉበት ከ4 ሜትር የወደቀ ሰው 1 ሰከንድ ሳይሞላ፣ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት መሬት ይመታል። ከዚያች ሰከንድ በየትኛዋ ሽራፊ መጠንቀቅ እንደነበረበት ሪፖርቱን የፈረመው ኃላፊ ቢያስረዳ ደግ ነበር፤ እሱ እንኳ የቢሮውን አምፖል ሊቀይር ሲነሳ ወንበር የሚይዝለት ሰው ይጠራል።

ሕጉም ለሐረጉ ያን ያህል ቦታ የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ መስጠትን የአሠሪው ግዴታ ያደርጋል። በአንቀጽ 96 ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው። ከዚህ የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው፤ እንደዚያ የሚቆጠሩትም በተለይ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት ናቸው። «ተጠንቀቅ» ከዚህ ዝርዝር አይገባም። «ቀበቶህን ሳታስር አትሥራ» ይገባል፤ ቀበቶ ለተሰጠው።