የሥራ ዋስትና የጤናም ዋስትና ነው

የከተማው ሠራተኛ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ «ዛሬ ደግሞ ማን ይቀነስ ይሆን?» የሚል ስጋት አብሮት ይወጣል። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያና የወር አስቤዛው የተንጠለጠሉት በአንድ ደመወዝ ላይ ነው። ይህ ስጋት እንቅልፍ ይነሳል፣ የደም ግፊትን ያባብሳል፣ የቤተሰብንም ሰላም ያውካል።

ጉዳቱ የሚጀምረው የስንብት ደብዳቤ በደረሰ ዕለት አይደለም። ዋይትሆል ሁለት በተባለው የብሪታንያ የመንግሥት ሠራተኞች ጥናት፣ ወደ ግል ሊዛወር በታሰበ አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹ ጤና መታወክ የጀመረው ለውጡ ሳይመጣ፣ ገና በመጠባበቅ ላይ ሳሉ ነበር።

ሥራውን የሚያጣው ሰነፍ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። አገራችን በ2014 ዓ.ም. ከአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ስትሰረዝ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንጀራቸው የተቋረጠባቸው ወጣት ሴቶች ጥፋታቸው ምን ነበር?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማንኛውም የሥራ ውል፣ በሕጉ ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ይሁን እንጂ ቋሚ ሥራ የሚሠሩ ዜጎች በየጊዜው በሚታደስ ኮንትራት ሲንገላቱ እናያለን። ያላግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ ክስ ማቅረብ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ይህን ሳያውቅ መብቱ በይርጋ የሚቀርበት ጥቂት አይደለም። የጡረታ ሕጋችንም እርጅናን፣ የጤና ጉድለትንና ሞትን ሲያስብ፣ ለሥራ አጥነት ግን መድን አላበጀም።

ስለሆነም ፓርቲያችን የሕዝብ አደራ ሲረከብ፦

1ኛ. በቋሚ ሥራ ላይ የሚፈጸም የኮንትራት ቅጥርን የሚቆጣጠሩ የሥራ ተቆጣጣሪዎችን ቁጥርና ሥልጣን ያጠናክራል፤

2ኛ. የሥራ ክርክር ችሎቶች በሕጉ በተቀመጠው 60 ቀን ውስጥ እንዲወስኑ በቂ ዳኞች ይመድባል፤

3ኛ. ያለጥፋቱ ሥራውን ያጣ ሠራተኛ አዲስ ሥራ እስኪያገኝ የሚደገፍበት፣ አሠሪ፣ ሠራተኛና መንግሥት የሚያዋጡበት የሥራ አጥነት መድን በሕግ ያቋቁማል።

ይህ በአሠሪ ላይ የተነሣ ዘመቻ አይደለም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛ መቀነስ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ የተቀነሰው ሰው ግን ሜዳ ላይ መውደቅ የለበትም። አሠሪም ቢሆን ከሚሸማቀቅ ይልቅ ተረጋግቶ ከሚሠራ ሠራተኛ ይጠቀማል።

ውድ መራጭ! እንጀራዎን በስጋት ሳይሆን በመብት እንዲበሉ ድምፅዎን ለፓርቲያችን ይስጡ።