ከማሸነፉ በፊት ይቁጠር



ይህን የምጽፈው የቼዝ ፕሮግራም መሥራት ለጀመሩት ለእርስዎ ነው። ፕሮግራምዎ ጓደኛዎን አሸንፎ ይሆናል። እባክዎ፣ በዚያ ብቻ አይመኑት። ሕጉን አሟልቶ የማያውቅ ፕሮግራምም ያሸንፋል፤ የማያውቃት አንዲት ሕግ በስንት ጨዋታ አንዴ ብትመጣ ነው፣ ያኔም ማንም ልብ አይላትም።

መፈተኛው ቆጠራ ነው፤ የሙያው ሰዎች ፐርፍት ይሉታል። ፕሮግራሙ የቱ እንቅስቃሴ ይሻላል ብሎ አይጨነቅም። ሕግ የፈቀደውን ሁሉ እየተጫወተ፣ እየመለሰ፣ ስንት መንገድ እንዳገኘ ብቻ ይናገራል። ከመነሻው ነጭ 20 ምርጫ አለው፤ ጥቁር ሲመልስ 400 ይሆናል፤ ከዚያ 8,902፣ 197,281፣ 4,865,609። በአንዲት እንኳ ከተዛነፈ ስህተት አለ። እንዲህ ቁርጥ ያለ ፈተና በኛ ሥራ ብዙ አይገኝም።

እኔ አምስቱም ቁጥሮች ልክ ሲመጡልኝ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ለፈተና የታወቀ ሌላ አሰላለፍ ሰጠሁት። ጥቁሩ ንጉሥ በአራተኛው ረድፍ ቀኝ ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ በዚያው ረድፍ በስተግራ የነጭ ግንብ አለ፤ መካከላቸው አንድ ጥቁር ወታደር ብቻ። በሁለት ደረጃ፣ ማለትም ነጭና ጥቁር አንድ አንድ ጊዜ ሲጫወቱ፣ 191 መምጣት ሲገባው የኔ 193 አለ።

ነጭ እዚያ 14 ምርጫ አለው። ለእያንዳንዱ ስንት መልስ እንደተቆጠረ አውጥቼ ትክክል ከሚቆጥር ፕሮግራም ጋር ጎን ለጎን አመሳከርኩ። አሥራ ሁለቱ ገጠሙ። ያልገጠሙት፣ ነጭ ከጥቁሩ ወታደር ግራና ቀኝ ያሉትን ወታደሮቹን ሁለት ቤት የሚገፋባቸው ናቸው። እንዲህ ሲገፋ ጥቁሩ በአንፓሳን፣ ማለትም በጎኑ ያለፈውን ወታደር ከኋላው ወዳለው ቤት ገብቶ፣ መብላት የሚችል ይመስላል። ሲበላ ግን የበላውም የተበላውም ከረድፉ አንድ ላይ ይነሣሉ፤ ረድፉ ወና ይሆንና ግንቡ ንጉሡን ያገኘዋል። ስለዚህ መብላቱ ክልክል ነው። የኔ ፕሮግራም በመካከል ሁለት ወታደር ስላየ አንዱ ቢነሣ ሌላው ይከልላል ብሎ አልፎት ነበር።

ከመነሻው ለምን አልታየም? ጥቁሩ ንጉሥ እዚያ ረድፍ ለመድረስ ራሱ አራት ጊዜ መራመድ አለበት፤ ከዚያ በፊት መንገድ የሚከፍትለት ወታደር ያስፈልገዋል። በአምስት ቀርቶ በስድስት ደረጃ ቆጠራ እንኳ አይደርስበትም። ስለዚህ በአንድ አሰላለፍ አይርኩ። አንድ እንቅስቃሴ ሲጎድል ሌላ በትርፍ ገብቶ ድምሩ ልክ የሚመስልበት ጊዜም አለ።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ የአገራችን ቼዝ፣ የሰንጠረዥ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያው ላይ ወረራ አለ፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ተራ በሌለበት ደረጃ መቁጠር ስለማይቻል የምጀምረው ወረራው ካበቃበት ነው። የማመሳክርበት ቁጥር ግን በእጄ የለም። ስለዚህ ልለምንዎ፦ ሕጉንና መነሻ አሰላለፉን በወረቀት እንስማማ፤ ከዚያ የኔን ኮድ ሳያዩ የራስዎን ይጻፉና እስከ አራተኛው ደረጃ ቆጥረው ይላኩልኝ። ካልገጠመ ቢያንስ አንዳችን ተሳስተናል፤ በየትኛው እንቅስቃሴ ላይ እንደሆነ አብረን እንፈልገዋለን።