ክሩና አደባባዩ

«በደሙ ተጽፎ ነው» የሚለው አነጋገር ከቶ አይዋጥልኝም። ጂን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ተጽፎ ያለቀ መጽሐፍን ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ፅንስ ግን ከዚህ የረቀቀ ነገር ያሳየናል።

ፅንሱ በእንቁላሉ ውስጥ የሚቆየው አንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ የነርቭ ሕዋሳቱ ቀጫጭን ክሮች ያበቅላሉ፤ እያንዳንዱም ክር ጫፉ ላይ ባሉት ጣት መሰል ነገሮች ዙሪያውን እየዳሰሰ ይጓዛል። ብዙዎቹ የሰውነቱን የመሀል መስመር ይሻገራሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግረው ዳግም አይመለሱም።

ማን ከለከላቸው? በ1993 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ በኮሪ ጉድማን ቤተ ሙከራ፣ አንድ ጂን የተበላሸባቸው ፅንሶች ሲመረመሩ ክሮቹ መሀሉን ተሻግረው፣ ተመልሰው፣ ደግመው ተሻግረው ሲዞሩ ታዩ። ጂኑም «ራውንድአባውት» ተባለ፤ በእኛ አፍ የመኪና አደባባይ ማለት ነው። (እነዚህ ሊቃውንት ስም ሲያወጡ ከባለቅኔ አያንሱም፤ ጂኑን የሚጠሩት በሥራው ሳይሆን ሲጎድል በሚያመጣው ጥፋት ነው።) በዚያው ምርመራ የተገኘው ሌላው ጂን «ኮሚሹርለስ» ማለትም መሻገሪያ አልባ ተባለ፤ እርሱ ሲጎድል አንድም ክር አይሻገርም።

ምሥጢሩ ቀስ በቀስ ተገለጠ። የመሀሉ ሕዋሳት ሁለት ድምፅ አላቸው። ኔትሪን የተባለው ፕሮቲን «ና» ይላል፤ ስሊት የተባለው ደግሞ «ወግድ» ይላል። ራውንድአባውት ይህን «ወግድ» የሚሰማው ጆሮ መሆኑ በ1999 ታወቀ። ኮሚሹርለስ ግን ጆሮው ወደ ክሩ ገጽ ሳይወጣ ከውስጥ ያስቀረዋል። ስለዚህ ያልተሻገረ ክር «ና»ን እንጂ «ወግድ»ን አይሰማም። ከተሻገረ በኋላ ኮሚሹርለስ ይጠፋል፤ ጆሮው ብቅ ይላል፤ ክሩም ያን ጊዜ ከመሀሉ ይሸሻል።

ልብ በሉ፤ መሀሉ የሚናገረው ቃል አልተለወጠም። የተለወጠው ሰሚው ነው። መጽሐፍ ደግሞ የሚያነብ ሰው ይህን ለመረዳት አጉሊ መነጽር አያስፈልገውም።

ጆሮውን የሠራ መንገዱንም ሠራ የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጂን አቅም የለውም አላልኩም፤ የምቃወመው «ተጽፏል» የሚለውን ግስ ነው። ለክሩ የተሰጠው መስማትና አለመስማት ነው፤ መንገዱን የሚያገኘው እየሄደ ነው። የመስማቱ ነገር ሲዛባ ምን እንደሚሆን በሰውም ላይ ታይቷል። በ2004 እንደተገለጠው፣ የራውንድአባውት ዘመድ የሆነው ሮቦ 3 የተባለው ጂን የተበላሸባቸው ሰዎች በአንጎላቸው ግንድ ውስጥ ሊሻገሩ የሚገባቸው ክሮች ሳይሻገሩ ይቀራሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አከርካሪያቸው እየጎበጠ ይሄዳል፤ ዓይኖቻቸውም ወደ ግራና ቀኝ አይንቀሳቀሱም። ከጎናቸው የቆመን ሰው ለማየት ጭንቅላታቸውን ማዞር ግድ ይላቸዋል።