ጎሚስታው 44፣ አማቴ 24፣ እኔ 34፤ ማናችን ነን ልክ?

የፍቅርና የትዳር ደብዳቤ ሲጎርፍበት የከረመው ዓምዳችን ዛሬ ጎማ ይዞ የመጣ ጠያቂ አግኝቷል። «ጎማና ትዳር ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን። ደብዳቤው ረዘም ስላለ ቆራርጠን፣ ስምና አድራሻውን አስቀርተን እነሆ ብለናል።

«የምኖረው ጎንደር ነው። ዕድሜዬ 27 ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለች ኮሮላ ገዝተናል። ለጥር ሰርግ ከእጮኛዬና ከእህቶቿ ጋር ወደ ዛሪማ ልንወርድ ስለነበር መኪናዋን ሰርቪስ አስደረግኳት። ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ፣ የፊቱ ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት ዞረ፣ ነፋስም ተሞላ። ከሰዓት በኋላ ተነሥተን ዳባት እነሱ ቤት አደርን። መንገዱን ሙሉ መኪናዋ እንደ ኳስ ስትነጥር ነው የመጣችው።

«ጧት አባቷ ወጡ። የዱሮ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉና ‹ይሄ ድንጋይ እንጂ ጎማ አይደለም። በዚህ ጎማ ልጄን ሊማሊሞን አታወርዳትም› አሉኝ። ከጎረቤት የሚኒባስ ሾፌር መለኪያ ተውሰን ስንለካ የፊት ቀኙ 41፣ የፊት ግራው 36፣ የኋላ ቀኙ 44፣ የኋላ ግራው 29! እሳቸው በምስማር ጫፍ ነፋሱን እያስተነፈሱ ሁሉንም 24 አደረጓቸው። ሲሸኙን ‹ቆላ ስትገባ ራሱ ይነፋልሃል፤ እንዳትነካው› አሉኝ። እኔ ግን ደባርቅ ላይ ‹ነዳጅ ልቅዳ› ብዬ ሁሉንም 34 አስሞላሁ። በሰላም ሄደን በሰላም ተመለስን። ስንመለስ ግን ሰውዬው ገና ጎማውን እንደነኩት አወቁብኝ። ‹ቃሌን ረግጠሃል› ብለው ኮስተር እንዳሉ ቀሩ። ሽማግሌ ልልክ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። እጮኛዬ ‹ይቅርታ ጠይቃቸው› ትለኛለች። እኔ ግን ልክ ነበርኩ። ማናችን ነን ልክ?»

ጉድ እኮ ነው! ወንድማችን፣ ቁርጡን እንንገርህ። ወደ ልኩ የቀረብከው አንተ ነህ፤ ነገር ግን ሦስታችሁም ገምታችኋል። በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መሀል የሾፌሩን በር ከፍቶ ያነበበ ሰው የለም።

በሩን ስትከፍት በማቀፊያው ብረት ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ታገኛለህ። የመኪናህ የጎማ ነፋስ ልክ የተጻፈው እዚያ ነው። ከጃፓን የመጣች ከሆነች ጽሑፉን ባታነበው ቁጥሩን ታነበዋለህ። 220 ካለ ኪሎ ፓስካል ማለት ነው፤ እሱም 2.2 ባር፣ በጎሚስታ ቋንቋ ደግሞ 32 ነው። 230 ካለ 33 ያህል ይሆናል። በአንዳንድ መኪና ላይ ሙሉ ሰው ወይም ጭነት ሲኖር ከፍ የሚል ሌላ ቁጥር ይኖራል። አራት አምስት ሆናችሁ ሰርግ ስትሄዱ የሚሠራው እሱ ነው።

በጎማው ጎን ላይ የታተመው 44 ወይም 51 ግን ሌላ ነገር ነው። ጎማው ሊሸከም የሚችለው ጣራ እንጂ ልኩ አይደለም። ብዙ ሰው እሱን አይቶ ያስሞላል። የአንተም 44 ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ለመሆኑ ሰርቪስ የወጣች መኪና ነፋሷ ለምን ይዛባል? ሰው ሁሉ ሰርቪስ ካስደረገ በኋላ ልቡ ስለሚያርፍ ነዋ! ጋራዡ ዘይቱን አይቷል፣ ጎሚስታው ሞልቷል፣ ምን ቀረ? የቀረው ይሄ ነው። አንደኛ ነገር መኪናዋ ከተማ ስትዞር ውላ ጎማዋ ግሎ ነው የደረሰችው። የጋለ ጎማ ከልኩ 4 ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል። እንግዲህ አንዱን እንደጋለ፣ ሌላውን ተፈትቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢሞሉት እኩል የሞሉ ይመስላቸዋል እንጂ በነጋታው አራቱም አራት ዓይነት ሆነው ያድራሉ። ሌላው የጎማ ማዘዋወሩ ጣጣ ነው። በተለይ ፒካፕና ሚኒባስ ላይ የኋላው ነፋስ ከፊቱ ይበልጣል። ጎማው ቦታ ሲለውጥ ነፋሱም እንደ ቦታው መስተካከል አለበት፤ ካልተስተካከለ የኋላውን ነፋስ ተሸክሞ ፊት ይገባል። በዚያ ላይ የሚንጠለጠለው መለኪያ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ሲወድቅ ሲነሣ የሚውል ነው። በጆሮና በመዶሻ ድምፅ የሚሞላም አለ።

29 የሆነችው ጎማህ ግን ለብቻዋ መታየት አለባት። ሌሎቹ አብጠው እሷ ብቻ ከወረደች ወይ ምስማር በልቷታል ወይ ቫልቧ ያስተነፍሳል። ነፋስ መግቢያው ላይ ምራቅ ቀባ አድርግ፤ ቡልቅ ቡልቅ ካለ አገኘኸው።

አሁን ወደ ደጋው እንምጣ። ነገሩ የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ 2,850 ገደማ። ከፍ ባልክ ቁጥር የውጪው አየር ይሳሳል፣ ጎማውን ከውጪ የሚጫነውም ይቀንሳል። ስለዚህ መለኪያው ከጎንደር ደባርቅ በ1 ያህል ይጨምራል። ካላመንከኝ ደባርቅ ላይ ውኃ ጠጥተህ ባዶውን ሃይላንድ ጥብቅ አድርገህ ክደነውና ዛሪማ ስትደርስ ተመልከተው። ተጨራምቶ ታገኘዋለህ።

ነገር ግን ከከፍታው ይልቅ ብርዱ ያይላል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ ከጎማው 1 ተኩል ያህል ይቀንሳል። ጎንደር ከሰዓት በኋላ በ27 ዲግሪ 32 የተሞላ ጎማ ዳባት ወይም ደባርቅ ላይ በጥር ማለዳ በ5 ዲግሪ ቢለካ ብርዱ 3 ይወስድበታል፣ ከፍታው 1 ይመልስለታል፤ 30 ይነበባል ማለት ነው። ምንም ሳይተነፍስ! «ጎሚስታው ሰረቀኝ» ብለህ እንዳትጣላ። የእናንተ ጎማ ግን በዚያ ብርድ ውስጥ አድሮ 44 ከተነበበ፣ ጎንደር ላይ ከዚያም በላይ ነበር። አባትየው «ድንጋይ ነው» ያሉት እውነታቸውን ነው።

ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ አለ። መንገዱን መጀመሪያ የቀደደው በ1928 ዓ.ም. ወርሮን በ1933 የወጣው ጣሊያን ነው። ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ፊልትሮ የሚሉት ቃላትም የእሱ ውርስ ናቸው። ቁልቁለቱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ያወርዳል፤ ከደጋ ብርድ ተነሥተህ ቆላ ሙቀት ውስጥ ትገባለህ። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚረግጠው በመሀሉ ብቻ ስለሆነ ጠጠር ሲያገኝ ይንሸራተታል፣ ፍሬን ሲያዝ ርቆ ይቆማል፣ ስለታም ድንጋይ ሲመታውም ቶሎ ይቀደዳል። ያ 44 ቆላ ሲደርስ፣ የጉዞው ሙቀት ተጨምሮበት፣ 50 አልፎ ይሄድ ነበር። ልጅቷን ባያሳፍሯት አይፈረድባቸውም።

ታዲያ 24ቱስ? እዚህ ላይ ጋሼ ተሳስተዋል። «ቆላ ሲገባ ይነፋል» ማለታቸው ግማሽ እውነት አለው፤ ሙቀቱ 4 ያህል ይጨምራል። ግን ስትወርድ የውጪው አየር ስለሚከብድ 2 ያህል መልሶ ይቀንሳል። የተረፈው እንኳን ለሙሉ ሰው ለባዶ መኪናም አይበቃም። የተነፈሰ ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ ስለሚሽከረከር ይግላል፤ ጠመዝማዛ ላይ መሪው ይዘገያል፣ ጉድጓድ ሲገባ ቸርኬው ይመታል። በረሃ ላይ የሚፈነዳው ጎማ ብዙ ጊዜ የተነፋው ሳይሆን የተነፈሰው ነው። ጠጠር ላይ ነፋስ ቀነስ ማድረግ የሚያዋጣው በቀስታ ለሚሄድ ላንድክሩዘር፣ ያውም መልሶ የሚሞላበት ኮምፕረሰር ለያዘ ነው። ምናልባት ሰውዬው በነዱበት ዘመንና በነዱት መኪና ሌላ ሥርዓት ይኖር ይሆናል፤ ኮሮላ ግን ኤንትሬ አይደለችም።

ሌላም ነገር አንርሳ። ሊማሊሞን ወርደህ ዛሪማ ላይ ብትለካና 38 ወይም 39 ብታነብ እንዳታስተነፍሰው። የጋለ ጎማ ነው፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ልኩ ይመለሳል። ስትመለስ ደባርቅ ብርድ ውስጥ የጎደለ ጎማ ይዘህ ታድራለህ። ቁልቁለቱን ደግሞ በማርሽ ያዘው እንጂ ፍሬን ላይ አትተኛ፤ የፍሬኑ ግለት በቸርኬው አልፎ ወደ ጎማው ይሄዳል።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። የራስህን መለኪያ ግዛ፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር ነው። ሰርቪስ በወጣህ በነጋታው፣ ጧት 12 ሰዓት ላይ፣ መኪናዋን ሳታንቀሳቅስ አራቱንም ለካ። የበሩ ወረቀት 32 ካለ 32 አድርገው። ከጎንደር ተነሥተህ ደጋ የምታድር ከሆነ እዚያው አድረህ ጧት ድገመው። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ይበቃል፤ ደህና ጎማም ቢሆን በወር 1 ያህል ማጣቱ አይቀርም። ጎማ ተፈትቶ ከታሰረ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እንደሄድክ ብሎኖቹን መልሰህ አጥብቅ። ለአንተ ይሄ ዳባት ላይ ይውልልሃል።

የሽማግሌውን ነገር በተመለከተ እጮኛህ ትክክል ናት። ሰውዬው የተቀየሙት በ34 አይደለም፤ ተደብቀህ በማድረግህ ነው። «ጋሼ፣ 24 ለሰው ብዛት አነሰኝ፣ ደባርቅ ላይ ላስተካክል» ብትላቸው ምን ትሆን ነበር? ቢቆጡም እንደ ወንድ ተነጋግረህ ትሄድ ነበር። አሁንም አልረፈደም። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቅዳሜ ዳባት ውጣና እደርላቸው። ጧት በብርዱ በሩን ክፈትና ወረቀቷን እሳቸው ያንብቡ፤ መለኪያውንም እሳቸው ይያዙ። መቼም ሠላሳ ዓመት መሪ ይዞ የኖረ ሰው ቁጥር ሲያይ አይጠላም። ክርክሩ ላይ ልክ ነበርኩ እያልክ አትድረቅ፤ መጀመሪያ ጎማው ድንጋይ መሆኑን ያወቁት እሳቸው ናቸው፣ አንተ ግን መኪናዋ እየነጠረችብህ ከጎንደር ዳባት ድረስ ነድተሃል።

ሌላ ደግሞ፣ በደብዳቤህ ላይ ስለ ስኮርታዋ አንድም ቃል የለም። ምናልባት ከተገዛች ጀምሮ ማንም አላያትም። እሷንም ለካት።