ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ትምህርት ምን እየተማሩ ነው?



ውድ አንባቢያን፣ በተለይም ልጅ የምታስተምሩ አባቶችና እናቶች! የማነሣው ጉዳይ የትምህርት ቤት እንጂ የመድረሳ አይመስልም። እኔ ግን ያገኘሁት እዚሁ መንዝ፣ መድረሳ ውስጥ ነው። ከዐሥር ሶላት በኋላ ከሚቀሩት ደረሶቼ አንዱ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ የባዮሎጂ መጽሐፉን ይዞ መጣ። «እስቲ አንብብልኝ» አልኩት። አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ተወጣው። «ምን ይላል?» ስለው ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ደብተሩን ስገልጥ የ«ፓሲቭ ቮይስ» ሕግ ሦስት ገጽ ሙሉ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተገልብጧል።

ያን ፈገግታ በደንብ አውቀዋለሁ። እኛም በልጅነታችን ትርጉሙን ሳናውቅ ቀርተናልና። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ! ቁርኣንን ሳይገባውም ቢሆን የሚቀራ ሰው በእያንዳንዱ ሐርፍ አጅር አለው። የባዮሎጂ መጽሐፍ ሳይገባው ያነበበ ልጅ ግን አጅርም የለው፣ ማርክም የለው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ደነገገ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩን አልቃወምም፤ አላህ (ሱ.ወ.) መልእክተኞችን ሁሉ በየሕዝባቸው ቋንቋ እንደላከ በሱረቱ ኢብራሂም ነግሮናል። ችግሩ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም፣ ፊዚክሱም እንግሊዝኛ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ «ፕላዝማ» መጣ። ከመስኮቱ የሚናገረው መምህር ይፈጥናል፤ ልጁ እጁን ቢያወጣ አያየውም። ዘመኑ አለፈ፤ ያልገባንን መገልበጥ ግን ልማድ ሆኖ ቀረ።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው አልልም። ኮሮና ነበር፣ ጦርነት ነበር፤ በክልላችንም ከዚያ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ነገር ግን ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አማርኛ ብትጠይቁት እስኪመሽ የሚያወራችሁ ልጅ፣ ጥያቄውን ማንበብ ስላቃተው ታሪክ ሲወድቅ ምን ትሉታላችሁ? ሰነፍ?

አንዳንድ ወላጅ «የካፊር ቋንቋ ምን ያደርግልናል?» ይላል። ወንድሜ ሆይ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብን ሣቢትን የአይሁድን ጽሕፈት እንዲማር አዘውት የለምን? እርሱም የተማረው የሚመጣውን ደብዳቤ ሊያነብና መልሱን ሊጽፍ ነበር። ሌላው ወላጅ ደግሞ ልጁ እንግዳ ፊት «ሃው አር ዩ» ሲል ደረቱን ይነፋል። ለሰላምታ ብቻ ከሆነ አሰላሙ ዓለይኩም አይበቃንም ነበር?

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ በሴቶች ልጆቻችን ላይ የሚባለው ነው። «ዞሮ ዞሮ ዓረብ አገር ትሄዳለች፤ ዓረብኛ ይበቃታል» ይባላል። ዓረብኛ አስተማሪው እኔ ነኝና ልናገር፦ ከኪታብ የምትማረው ዓረብኛ በሪያድ ወጥ ቤት የምትሰማው አይደለም፤ እርሷም የምትሄደው ኪታቡን ሳትጨርስ ነው። የማታነበው ውል ላይ አውራ ጣቷን ታትማለች። እዚሁ አገሯ ብትቀርስ? ለታመመ ልጇ የምትገዛው የመድኃኒት ወረቀት በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?

እንግዲህ ምን ይማሩ? ሸኾቻችን ኪታብ ሲያቀሩ እንዴት ነበር? አንዱን ዐረፍተ ነገር ያነባሉ፣ በአማርኛ ይፈቱታል፣ ከዚያ ደረሳው መልሶ ይፈታዋል። ካልፈታው ወደ ሚቀጥለው መስመር አይታለፍም። ነሕው የምንማረውም ኪታቡን ለመክፈት እንጂ ለራሱ አይደለም፤ ነሕውን ሸምድዶ ኪታብ የማይከፍት ሰው ቁልፍ ብቻ ይዞ በር ላይ የሚያድር ነው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የእንግሊዝኛ መምህራን ወንድሞቼ አይቀየሙኝና፣ ልጆቻችንን ቁልፍ አሸክማችኋቸዋል። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ነው ትሉ ይሆናል። ምርጫም ቢሆን ሳያነቡት አይመረጥም።

አንድ አንቀጽ አንብበው በአማርኛ መልሰው ይንገሩ። መዝገበ ቃላት መግለጥ ይልመዱ። በሳምንት አምስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ እሱም ስለማያውቁት ለንደን ሳይሆን ስለሚያውቁት ነገር ይሁን። ገብሱ አለ፣ በጉ አለ፣ ባናው አለ፤ ለመርሐቤቴ ልጅ ጀማ ወንዝ አለለት። እናንተ ወላጆችም እንግሊዝኛ አለማወቃችሁ አያሳፍራችሁ፤ ማታ መጽሐፉን አስከፍታችሁ «ይሄ ገጽ ምን ይላል?» ማለት ቋንቋ አይጠይቅም። ልጁ ቢያታልላችሁ እንኳ ለማታለል ማሰብ ይኖርበታል!

ያን ደረሳዬን ስለ ጓሳ አምስት ዐረፍተ ነገር ጻፍ አልኩት፤ አባቶቻችን ከልለው ሲያስጠብቁት ስለኖሩት ሣርና በዚያ ስለሚኖረው ቀይ ቀበሮ። በሳምንቱ ይዞ መጣ። እኔ እንኳ የማየው ስሕተት ነበረበት። እርሱን ግን ያስጨነቀው ሌላ ነው፤ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ ሰንብቶ ኖሮ «ኡስታዝ፣ እኛ ቀበሮ የምንለውን እነሱ ለምን ተኩላ ይሉታል?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። በማግሥቱ የባዮሎጂ መምህሩን ሊጠይቅ ሄደ።