የጥበቃ ካራቫኑን መዝጋን ዘግቶ መቀመጥ መፍትሔ አይደለም

በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በፋብሪካዎችና በመጋዘኖች በር ላይ የተተከሉትን ትንንሽ የጥበቃ ካራቫኖች ታውቋቸዋላችሁ። ከመካከላችሁ እዚያ ውስጥ 12 ሰዓት የሚቀመጥ አለ፤ ያልተቀመጠም ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ ይኖረዋል። በነርስነት ሥራዬ በጋ በገባ ቁጥር ከጥበቃ ሠራተኞች የምሰማው አንድ ነው፦ «መዝጋኑን ስከፍት መብራቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ።» እኔ ደግሞ የምለው መተው የለበትም ነው። ጥፋቱ የሠራተኛው ሳይሆን የመብራት መስመሩ ነው። ያንን ማስተካከል ደግሞ የአሠሪው ግዴታ ነው።

መብራቱ ለምን ይጠፋል? ሒሳቡ ቀላል ነው። የአገራችን መብራት 230 ቮልት ነው። አንድ ተራ የግድግዳ ሶኬት ቢበዛ 16 አምፔር ይሸከማል። ሁለቱን ስናባዛ 3,680 ዋት እናገኛለን። አነስተኛ መዝጋን ወደ 1,000 ዋት ይወስዳል። ውኃ ማፍያው (ኩምኩም) ብቻውን ወደ 2,000 ዋት ይፈልጋል። ማይክሮዌቭ ሲጨመር መስመሩ ይሞላል። መዝጋኑ ሲነሣ ደግሞ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት ቁልፉ ይወድቃል። ብዙ ካራቫኖች መብራት የሚያገኙት ከሩቅ ሕንፃ በተሳበ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ስለሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ይደክማል። መዝጋኑ ያጉረመርማል እንጂ አይነሣም፤ ገመዱም ይግላል።

እዚህ ላይ አደጋው ይጀምራል። የወደቀውን ቁልፍ ደጋግሞ ማንሣት፣ ቁልፉን በትልቅ መለወጥ፣ ገመዱን ተጠቅልሎ ሳለ መሥራት፣ ሁሉም ወደ እሳት የሚወስድ ነው። ቁልፉ የሚወድቀው ሊያስቸግረን ሳይሆን ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። ጄኔሬተር አምጥቶ በመስኮት ሥር ማስነሣትም ሞት ሊያመጣ ይችላል፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ባትሪም ቢሆን ብዙ አያስኬድም፦ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በጠቅላላው 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ይህ ለትንሿ መዝጋን ቢበዛ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ ነው።

«እኛ የሑመራን ሙቀት የቻልን ሰዎች ነን» የሚሉኝ አባቶች አሉ። እውነት ነው፤ ግን እዚያ የዛፍ ጥላና ነፋስ ነበረ። ካራቫንን ደግሞ እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በጊቫት ሐማቶስና በሐጽሮት ያሳፍ ካራቫኖች ኖረውበታል። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ የሚተፋ ሣጥን ነው። የዛሬው ጠባቂ ደግሞ ያኔ ወጣት የነበረው ሰው ነው፤ አሁን የደም ግፊትና የሽንት ክኒን ይወስዳል፤ ስኳርም ይኖርበታል። እነዚህ መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀትን የሚቋቋምበትን አቅም ሊቀንሱ ይችላሉ። ክኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ፤ በኩፓት ሆሊማችሁ ያለችውን ነርስ ወይም ሐኪሙን ጠይቁ። የኢንሱሊን ብዕርም በጋለ ካራቫን ውስጥ አይቀመጥም።

መስመሩ እስኪስተካከል ድረስ ያለችውን ኃይል በዘዴ መጠቀም ይቻላል። ቡናውንና ሻዩን ከቤት በፔርሙዝ አምጡ፤ ኩምኩሙ ሲያርፍ ለመዝጋኑ ቦታ ይገኛል። መዝጋኑን ግድግዳው ከመጋሉ በፊት ጠዋት ክፈቱ፤ 25 ወይም 26 ላይ አድርጉት። ማጣሪያውን እጠቡ። በፀሐይ በኩል ያለውን መስኮት ሸፍኑ፤ በር አትክፈቱ። አሠሪው አዲስ መዝጋን ከገዛ፣ ቀስ ብሎ የሚነሣውን ኢንቨርተር የሚባለውን ዓይነት እንዲገዛ ንገሩት። ይህ ሁሉ ግን ጊዜያዊ ነው።

ዋናው መፍትሔ ለመዝጋኑ ብቻ የሚሆን፣ በሚመጥነው ገመድ የተዘረጋ ልዩ መስመር ነው። ይህን የሚሠራው ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ ብቻ ነው፤ የ1954ቱ የመብራት ሕግ ይህን ያዛል። ስለዚህ የሚያውቅ ዘመድ ወይም ጎረቤት መጥቶ ይጠግነው አትበሉ። ለጥበቃ ድርጅታችሁ ኃላፊና ካራቫኑ ለቆመበት ፋብሪካ ኃላፊ በጽሑፍ ንገሯቸው። ጽሑፉ አስቸጋሪ ከሆነ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ፤ ቀኑንና ቅጂውን ያዙ። በዕብራይስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ለማዝጋን ጻሪኽ ካቭ ሐሽማል ኒፍራድ።» ትርጉሙ «ለመዝጋኑ የተለየ የመብራት መስመር ያስፈልጋል» ነው። 25 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው የሥራ ቦታ የደኅንነት ኮሚቴ ሊኖረው ይገባል፤ ጉዳዩን ለእሱም አቅርቡ።

«ዝም አይነቅዝም» እንላለን፤ ትዕግሥታችን ኩራታችን ነው። ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውም የእኛው ነው። ይህ ልመና አይደለም፤ ጤነኛ ሆኖ ለመሥራት የሚያስፈልግ መሣሪያ ነው። ኃላፊው የሠራተኛው ዝምታ «ችግር የለም» ማለት መስሎ ሊታየው ይችላል።

ልጆችም ስሙ፤ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ከጥበቃ ሲመለሱ «መዝጋኑ ሠራ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሥራ ላይ ያለ ሰው ከተደናገረ፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ራሱን ከሳተ 101 ደውሉ፤ እስኪደርሱ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ውኃ አርከፍክፉበት፣ አናፍሱትም። ገመድ ከተቃጠለ ወይም ጭስ ከታየ ወጥታችሁ 102 ደውሉ። ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ገመዱ ሲግል፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና ተናገሩ።